በኔ ፋንታ

እማዬ ጠዋት ጠዋት እየደወለች ስትጨቀጭቀኝ መላ ዘየድኩ። እቤቴ ኮምፒውተር ላይ የራሴን ሰው ሠራሽ አስተውሎት ጫንኩና ለዓመታት የላክሁላትን የድምፅ መልእክት ሁሉ አጎረስኩት። ስትደውል በኔ ድምፅ ያነሳላት ጀመር። «ልጄ ጨዋታ አወቀልኝ!» እያለች ለጎረቤት ታወራለች አሉ።

ትናንት ግን አንጀቴ አልችል አለኝ። ኮምፒውተሩን ከሶኬት ነቀልኩና ራሴ ልጠይቃት ሄድኩ። በሯን ሳንኳኳ ውስጥ በስልክ እያወራች ትስቃለች።

«እማዬ፣ እኔ ነኝ፤ ክፈቺልኝ።»

ሳቋ ቆመ።

«ልጄ» አለች፣ ለስልኩ። «አንድ ሰው በር ላይ ቆሞ እኔ ነኝ ይለኛል፤ ድምፁ ደግሞ ቁርጥ ያንተ!»

ስልኩን ላውድ አድርጋዋለች።

«እንዳትከፍቺለት፣ እማዬ» አለ የገዛ ድምፄ። «እኔ መጥቼ አውቃለሁ እንዴ?»