የእድሩ ድንኳን

ምርጫ ጣቢያው በር ላይ ወታደሩ የምርጫ አስፈጻሚ መስዬው መታወቂያውን ዘረጋልኝ።

«ተማሪ ነኝ፤ ለመመረቂያ ጽሑፌ ነው» አልኩት። «ካምፑ ሁሉ ዕጩውን አቶ ጥጋቡን የሚመርጠው ታዝዞ ነው?»

ሳቀ። «ለዚህ ደግሞ ማን ያዘናል፣ እህቴ! አምና ክረምት አንድ ጓደኛችን ሞቶ እናቱ ከገጠር መጣች። የምታለቅስበት ድንኳን ከሰፈሩ እድር ብንለምን፣ አባል አይደላችሁም ተባልን። አቶ ጥጋቡ የሱቃቸውን ሸራ ነቅለው በዝናብ ተከሉልን፤ ሦስት ቀንም አብረውን ተቀመጡ።»

መታወቂያውን ኪሱ እየከተተ፣ «እድሩማ እንቢ ያለን በደብዳቤ ነው» አለ። «አቤት፣ የእጅ ጽሑፉ ማማሩ!»

የእድሩ ዳኛ አባቴ ነው። ደብዳቤውን የጻፍኩለት እኔ ነበርኩ።

ማስታወሻዬን በእጄ ሸፍኜ ሁለተኛውን ጥያቄ ጠየቅሁት።