በመሃል አራት ወንበር

አዲሱ የወረፋ ማሽን ከተተከለ ወዲህ ጥበቃው ሥልጣኑን አጥቷል። ድሮ በሩ ላይ ቆሞ «አንተ ግባ፣ አንቺ ቆይ» የሚለው እሱ ነበር። አሁን ባለጉዳይ ገብቶ ቁልፍ ይጫናል፣ ማሽኑ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት ይተፋል፣ ከዚያ በሴት ድምፅ «ክቡር ደንበኛ፣ ወደ መስኮት ሦስት ይሂዱ» እያለ ይጠራል። ጥበቃውን በዕድሜው ሙሉ ክቡር ያለው ሰው የለም፤ ማሽኑ ግን ያገኘውን ሁሉ ክቡር ይላል። ይኼ ያንገበግበው ነበር።

መሥሪያ ቤቱ የተወለደ፣ ያገባ፣ የሞተ ሁሉ የሚመዘገብበት ነው። ሰው በበዛበት ደግሞ ደላላ አይጠፋም። ከእሱ በፊት የነበረው ጥበቃ የተባረረው ከአፍንጫው ሥር ወረፋ ሲሸጥ ባለማየቱ ነው። ኃላፊዋም፣ «አንድ ደላላ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ካገኘሁ ከእሱ ጋር አብረህ ትወጣለህ» ብላዋለች። የጥበቃው ሚስት ደግሞ ወሯ ገብቷል። ከሥራ የሚባረርበት ጊዜ አልነበረም።

እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ የገባውን ሁሉ በጥርጣሬ ያይ ጀመር። ባለ ኮፍያውን ሽማግሌና ባለ መነጽሯን አሮጊት ልብ ያላቸውም በዚህ መሃል ነው።

ሁለቱም ከአንድ አውቶቡስ ይወርዳሉ። ለየብቻ ቁጥር ይወስዳሉ። ከዚያ በመሃላቸው አራት ወንበር ትተው ይቀመጣሉ፤ አይተያዩም፣ አይነጋገሩም። አመሻሽ ላይ የትኛውም መስኮት ጋ ሳይደርሱ ይሄዳሉ። በማግስቱ ይመለሳሉ።

ጥበቃው በልቡ ሳቀ። የማይተዋወቁ ሰዎች ላለመተያየት ይህን ያህል አይደክሙም።

አንድ ቀን አሮጊቷ ወደ መጸዳጃ ቤት እንደሄዱ ሽማግሌው ብድግ አሉና ሕፃን ካዘለች ሴት ጋር ቁጥር ተለዋወጡ። የሳቸው ቁጥር ሊጠራ ትንሽ ነበር የቀረው፤ የሷ ገና ከምሳ በኋላ ነው። ተመልሰው ተቀመጡና ምንም እንዳላደረገ ሰው ጣሪያ ጣሪያውን ያዩ ጀመር። ቆየት ብሎ እሳቸው ውሃ ሊጠጡ ሲነሱ፣ አሮጊቷ በተራቸው አንድ ተማሪ በጣት ጠሩ። ቁጥራቸውን ሰጥተው የሱን ተቀበሉ፤ መነጽራቸውንም ወልወል ወልወል አደረጉ።

ጥበቃው ሊጨፍር ምንም አልቀረው። ሽርኮቹ እርስ በርሳቸውም ይሸዋወዳሉ ማለት ነው። ለካስ ያ ሁሉ ጨዋነት ለታይታ ነው፤ ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ።

በምሳ ሰዓት አሮጊቷ ምሳ ዕቃ አውጥተው፣ ቀና ሳይሉ በባዶዎቹ ወንበሮች ላይ ገፋ አደረጉት። ሽማግሌው ከፍተው በሉ። «ጨው በዝቶበታል» ብለው ለጣሪያው ተናገሩና ዕቃውን መልሰው ገፉት። አሮጊቷም ለግድግዳው፣ «ዱሮም ጨው ነው የሚበዛብኝ» አሉ። ጥበቃው ጨው የምስጢር ቃል መሆን አለበት ብሎ ያዘ፤ ገንዘቡም በምሳ ዕቃው እንደሚተላለፍ አልተጠራጠረም።

ማታ ዝናብ ጣለ። ሁለቱም በአንድ ጃንጥላ ሥር፣ ቃል ሳይተነፍሱ ወደ አውቶቡስ ሄዱ። ጃንጥላውን የያዙት ሽማግሌው ነበሩ፤ ግማሽ ትከሻቸው ርሷል። ሂሳብ ሊተሳሰቡ ነው፣ አለ ጥበቃው፤ እየሮጠ ሄዶም ለኃላፊዋ ነገራት።

በማግስቱ ኃላፊዋና ጥበቃው ከበሩ ጀርባ ሆነው ጠበቁ። ሽማግሌው አሮጊቷ ዞር እስኪሉ ጠብቀው በክራንች ለሚሄድ ሰው ቁጥራቸውን ሰጡ። አሮጊቷ ደግሞ በተራቸው ከሽማግሌው ተደብቀው፣ እየተሳሳቁ ሊፈራረሙ ለመጡ ሙሽሮች ሰጡ። ጥበቃው ዘሎ ገባ።

«ያዝኳችሁ! እኚህም ይሸጣሉ፣ እኚያም ይሸጣሉ!»

ሽማግሌውና አሮጊቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ዞረው ተያዩ።

«አንቺም?» አሉ ሽማግሌው።

«አንተም?» አሉ አሮጊቷ።

ኃላፊዋ ሙሽሪትን ስንት እንደከፈለች ጠየቀቻት። ሙሽሪት ግራ ገባት። አሮጊቷ እናንተ ቅደሙ፣ እኛ አንቸኩልም አሉን እንጂ አምስት ሳንቲም አልጠየቁንም አለች። ባለ ክራንቹም እንዲሁ አለ፤ እንዲያውም ሽማግሌው ከረሜላ ጨምረውልኛል ብሎ ከኪሱ አውጥቶ አሳየ። ሰው ሁሉ ጥበቃውን አየው። ኃላፊዋም አየችው፤ የሷ አስተያየት ከሁሉም ይከፋ ነበር።

ጥበቃውን ሚስቱ ትዝ አለችው። ላቡ ጠብ እያለ አጎነበሰ።

«አባቴ፣ እናቴ፣ በእግዜር ይቅር በሉኝ። ለሰው እየለቀቃችሁ እዚህ ስትንገላቱ እኔ ዓይኔ ታውሮ…»

«ጥፋቱ የኛ ነው» አለች ኃላፊዋ። «ከእንግዲህ አትጠብቁም። አሁኑኑ ትስተናገዳላችሁ።»

ሽማግሌው አይገባም አሉ፤ ሌላው ሰው ይቀየማል አሉ። አሮጊቷ ዛሬ ራሴን አሞኛል፣ ነገ እንመለስ አሉ። የሚሰማቸው አልተገኘም። አዳራሹ በሙሉ እያጨበጨበ መንገድ ለቀቀላቸው። ጥበቃው ቦርሳቸውንም፣ ጃንጥላቸውንም፣ ምሳ ዕቃቸውንም ተሸክሞ ከፊት ከፊት መራ፤ ሥራው ተርፎለታልና ፊቱ በርቶ ነበር። ሁለቱ እግራቸውን እየጎተቱ ተከተሉት። ጉልበታቸውን ያማቸዋል ብሎ አዘነላቸው።

ከመስኮቱ ጀርባ ያለችው ሠራተኛ ፈገግ ብላ ለምን ጉዳይ እንደመጡ ጠየቀቻቸው። የአሮጊቷ እጅ የሽማግሌውን እጅጌ ጨምድዶ ይዟል።

«ለፍቺ ነው፣ ልጄ» አሉ ሽማግሌው፤ «ግን ወረፋችን ገና አልደረሰም።»