ሽምግልና በዘጠነኛው ፎቅ

ሦስቱ ሽማግሌዎች ከጌዶ የተነሡት እምቢታ ሊሰሙ ተዘጋጅተው ነው። ኤቢሳ አስተማሪ ነው፤ የአስተማሪ ደሞዝ ደግሞ ይታወቃል። የሚጠይቁለት ለንሳ የኦቦ ሌታ ልጅ ናት። ኦቦ ሌታ አዲስ አበባ፣ በሚሊኒየሙ ዓመት በተመረቀ ሰማይ ጠቀስ ሕንፃ፣ የአንድ ትልቅ ኩባንያ ዋና መሥሪያ ቤት ውስጥ ትልቅ ሰው ናቸው። ለበዓል ጌዶ ሲመጡ ሕንፃው በር ላይ ቆመው የተነሡትን ፎቶ ያሳያሉ። ቤታቸውን የሚያውቅ ስለሌለ፣ ለንሳ ማለዳ ለአባቷ ደውላ ሽማግሌዎቹን ወደ ሕንፃው ላከቻቸው።

«በመጀመሪያ ቀን እሺ የሚል አባት የለም» አሉ የሽማግሌዎቹ አፈ ጉባኤ ኦቦ ጀቤሳ፣ አውቶቡስ ውስጥ። «ሁለቴም ሦስቴም ያመላልሱን፣ ግድ የለም። ጨርሶ እምቢ ካሉ ግን ያ ልጅ ሰው አይሆንም።»

ሲደርሱ በሩ ላይ ዱላ የተደገፈበት ባዶ ወንበር ብቻ አገኙ። ሰማያዊ ጋዋን ትከሻው ላይ የጠበበው ተላላኪ ወጥቶ ተቀበላቸው። መብራት ጠፍቶ ሊፍቱ ስለቆመ በደረጃ ወጡ። ሽማግሌዎቹ ዳገት ለምደዋል፤ ተላላኪው ግን በየፎቁ እየቆመ ያለከልክ ነበር። የከተማ ሰው ነገር፣ አሉ ኦቦ ጀቤሳ በሆዳቸው።

ቢሮው ሰፊ ነው። ኦቦ ሌታ ከትልቁ ጠረጴዛ ጀርባ ቆመዋል።

«ተቀመጡ እንጂ!»

«የመጣንበትን ሳንናገር አንቀመጥም።»

ኦቦ ሌታም አልተቀመጡም። ያልባቸዋል፤ በሩን በሩን ያያሉ። ቶሎ እንድንወጣላቸው ፈልገዋል ብለው ኦቦ ጀቤሳ ጠረጠሩ። ስልኩ ጮኸ። ኦቦ ሌታ ዞር ብለው እንኳ አላዩትም። ተላላኪው አነሳና «እንግዳ አለ» ብሎ ዘጋው።

«ኦቦ ሌታ» አሉ ኦቦ ጀቤሳ፣ «ለንሳን ለልጃችን ለኤቢሳ ይስጡን ብለን ደጅዎ ቆመናል። ሀብት የለውም። አለው ብለን አንዋሽዎትም።»

ኦቦ ሌታ አቀረቀሩ። ዓብዲሳ፣ ከሦስቱ ታናሹ፣ ቆቡን ሊያደርግ አነሳ።

«ኤዬ» አሉ ኦቦ ሌታ። «እሺ፣ ሰጥቻለሁ። ሌላ ቀጠሮ አያስፈልግም፤ እዚሁ ዛሬውኑ እንጨርስ።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ክብሩን የሚወድ አባት በአንድ ቀን ልጁን ሲሰጥ አይተው አያውቁም። ኦቦ ጀቤሳ ከድንጋጤ የተነሣ ምርቃቱ ጠፋባቸው፤ ዓብዲሳ ነው የጀመረላቸው።

«ትልቅ ሰው ለቀጠሮ ጊዜ የለውም» አለ ዓብዲሳ ደረጃውን ሲወርዱ።

«ልባቸውም ትልቅ ነው» አሉ ኦቦ ጀቤሳ፤ እንባቸው መጣ።

ኦቦ ሌታ ሽማግሌዎቹ መንገዱን ተሻግረው እስኪርቁ በመስኮት ጠበቁ፤ ከዚያ ኮታቸውን አውልቀው በሁለት እጃቸው ለተላላኪው አቀረቡ፦ «እግዜር ይስጥልኝ ጌታዬ፤ በሩ ያለ ዘበኛ ቆየ፣ ልውረድ።»