ዜማው ሁልጊዜ የሚቆምበት ቦታ

“እትዬ... መጀመሪያ መቀሱን ያስቀምጡት።”

ትኬት ቆራጩ ነበር፣ የልብስ ስፌት ቤቷ በር ላይ የቆመው። ባሏ በሚነዳው አውቶቡስ ላይ አብሮት የሚሠራ ሰው ነው። ብቻውን መጥቶ አያውቅም...

መቀሱን አስቀመጠች።

ከዚያ በኋላ ያወራውን ሁሉ አልሰማችም። ልቡ ድንገት እንደከዳው ሰማች። አውቶቡሱን ዳር አስይዞ፣ ሞተሩን አጥፍቶ፣ ለተሳፋሪዎቹ በሩን ከከፈተላቸው በኋላ እንደሆነም ሰማች።

የእሱ ነገር፣ አለች በልቧ። ሰው ሳያስቸግር ሄደ...

ለቅሶው አለፈ። ሰዉም ወደየቤቱ ተበተነ።

እሷ ከእሱ ዩኩሌሌ ጋር ቀረች።

አራት ክር ያላት፣ ጊታር የወለዳት የምትመስል ትንሽዬ መሣሪያ ናት። አንድ ቀን ከሥራ ሲመለስ ብብቱ ሥር ሸጉጧት መጣ። ያ ሁሉ ቁመት ያለው ሰው ሲይዛት ድመት የታቀፈ ነበር የሚመስለው።

ከሥራ መልስ ሶፋው ጫፍ ላይ ይቀመጥና አንዲት ዜማ ይጀምራል። ደህና ይሄዳል... ይሄዳል... መሃል ላይ አንድ አስቸጋሪ ኮርድ አለ፤ ክሮቹን በተለያዩ ጣቶች ባንዴ መጫን ይጠይቃል። እዚያ ሲደርስ ክሮቹ ይንጫጫሉ።

ያቆማል። እንደገና ከመጀመሪያው...

ከላይኛው ፎቅ ያለችው ጎረቤት ደረጃ ላይ ባገኘችው ቁጥር፣ ዘፈኑ ዛሬም ጎማ ፈነዳበት ወይ እያለች ትቀልድበት ነበር። እሱም ዳገት ሆኖብኝ ነው፣ ማርሽ እየቀየርኩ ነው ብሎ ያልፋታል።

ሚስቱም ብትሆን፣ ሙዚቃ ያልፈጠረበት ሰው ነው ብላ ደምድማለች። ግን ያንን መንጫጫት ለምዳዋለች። ሳትሰማው ምግብ አይወርድላትም።

አሁን ቤቱ ጭጭ አለ...

እሱ ያልጨረሰውን ዜማ ልትጨርስለት ቆረጠች። ልጇ የኮርዶቹን ሥዕል ከስልክ ላይ አወጣችላት። ቀላል ቀላሎቹን እንደምንም ለመደቻቸው።

ያ ኮርድ ላይ ስትደርስ ግን የግራ እጇ የቀለበት ጣት እምቢ አለ። ድሮ መቀስ ጅማቱን ቆርጦባታል። አይታጠፍም፤ እንደ እንጨት ተገትሮ ነው የቀረው።

“እማዬ፣ በቃ ተይው” አለቻት ልጇ። “አባዬ እንኳን በጤነኛ ጣት አልቻለውም።”

እውነቷን ነው... ተወችው።

ቁም ሣጥን ላይ አቧራ ከምትጠጣ ለሚማርባት ትድረስ ብላ፣ ባሏ በምሳ ሰዓቱ እየሄደ ይማርበት ወደነበረው የሙዚቃ አስተማሪ ቤት ይዛት ሄደች። ከሱቆች በላይ ያለች ጠባብ ክፍል ናት። ድምፅ እንዳይወጣ ግድግዳዋ በእንቁላል መያዣ ካርቶን ተለብጧል።

የማን ሚስት እንደሆነችና ለምን እንደመጣች ነገረችው። ወጣቱ አስተማሪ አንገቱን ደፋ። መሣሪያዋን ሊቀበላት እጁን ዘረጋ...

ዓይኑ ግራ እጇ ላይ ቀረ። የማይታጠፈው ጣቷ ላይ።

“ለካ ይቺን ጣት ነው...” አለ።

“ምኗን?”

“ጋሼ እዚህ እንደገቡ መጀመሪያ የሚያደርጉት ምን መሰልዎት? የቀለበት ጣታቸውን ከእርሳስ ጋር በፕላስተር ያስሩታል። እንዳይታጠፍ።”

ደህና ጣት እያለዎት ምን ነካዎት ብሎ ተቆጥቷቸው እንደሚያውቅ ነገራት። ፈትተውት ቢጫወቱ ዜማው የአንድ ሳምንት ሥራ ነበር። እሳቸው ግን ይስቃሉ።

“‘እኔማ ብፈታው ዛሬ እጨርሰዋለሁ። የምትጫወተው ሌላ ናት፤ እኔ መንገዱን ቀድሜ እየነዳሁላት ነው’ ይሉኝ ነበር።”

ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች።

ቤት ሲጫወት ያ ጣቱ ሁልጊዜ ወደ ላይ ቆሞ ይቀር እንደነበር አሁን ታያት። የሻይ ሲኒ የያዘ ትልቅ ሰው መስሏት ስቃበታለች።

መሣሪያ መጫወት ትመኝ እንደነበር፣ ጣቷ ከተጎዳ ወዲህ ግን ምኞቱን እንደቀበረችው የነገረችው በትዳራቸው መጀመሪያ ላይ ነው። ከዚያ ወዲያ አላነሳችውም። የረሳው መስሏት ነበር...

“ታዲያ መንገዱን አገኘው?” አለች።

“አግኝተውታል። ገና ጥርት አላለም፣ ሲጠራ አሳያታለሁ ብለው ነበር።”

አስተማሪው እጇን ይዞ አሳያት። የመሃል ጣቷን የላይኞቹ ሦስት ክሮች ላይ አጋደመው። ጣቷን ትንሽ አጉብጦ የታችኛውን ክር እንዳይነካ አደረገ። እሱን አመልካች ጣቷ ያዘው። የቀለበት ጣቷ ዝም ብሎ ቆመ፤ ምንም አልተጠየቀም።

መታችው... ተንጫጫ።

ደገመች... ተንጫጫ። ጣቷ ቀላ። መርፌ የለመደ ጣት ግን ይህን አይፈራም።

ደገመች...

ጠራ።

ዜማውን ከመጀመሪያው ያዘችው። ባሏ ሁልጊዜ የሚቆምበት ቦታ ደረሰች... አለፈችው።

ከዚያ እጇ ቀጥ አለ።

ቀጥሎ የሚመጣውን አታውቀውም። በእነሱ ቤት ውስጥ ከዚህ ወዲያ ያለውን ሰምቶ የሚያውቅ የለም።

እንባዋ የዩኩሌሌዋ እንጨት ላይ ተንጠባጠበ። አስተማሪው ወንበሩን አስጠጋ።

“ቀሪው ሜዳ ነው፣ እናቴ” አለ። “ቀስ እያልን እንሄዳለን።”

ወገኖቼ...

“አልቻለም” ብለን የምንስቅበት ሰው፣ አንዳንዴ የእኛን ሸክም ተሸክሞ የሚለማመድልን ሰው ነው። ፍቅሩን በአፉ ያልተናገረ ሁሉ አልወደደንም ማለት አይደለም።

እናንተስ... ሳትጠይቁት በዝምታ መንገድ የጠረገላችሁ ማነው? በሕይወት ካለ ዛሬውኑ ደውሉለት፤ ከሌለም እዚህ ሥር አስታውሱት።

ከማለፋችሁ በፊት ደግሞ... ለዚያ ሹፌር፣ እንደየእምነታችሁ፣ ነፍሱን በገነት ያኑርልን በሉለት።