ሠላሳ አንደኛዋ ሴት

በሰው እንጀራ ገብታችሁ ታውቃላችሁ? አናውቅም ካላችሁ እስቲ ደግማችሁ አስቡ።

ዶክተር ፍሬሕይወት አስባበት አታውቅም። ዶክትሬቷን ጨርሳ ዶሃ በሚገኝ አንድ የምርምር ተቋም ከተቀጠረች ሁለተኛ ዓመቷ ነው፤ ዘመኑ እንደ ፈረንጆቹ 2009። ሥራዋ ከኮምፒውተር ጋር ነው። ከትልቁ አንጀት ካንሰር ሕሙማን የተቆረጠ ሥጋ ቁጥር ሆኖ ይደርሳታል፤ እሷ በእብጠቱ ዙሪያ ምን ዓይነት ሴሎች እንደሰፈሩ ታሰላለች።

ካንሰር ብቻውን አይኖርም። የሚቀልበው፣ የሚሸሽገው፣ አይቶ እንዳላየ የሚያልፈው ጎረቤት አለው። ፍሬሕይወት ጎረቤቶቹን ትቆጥራለች። ሕሙማኑን ግን አይታቸው አታውቅም። ስማቸው ጠይባ የምትባለው ጸሐፊ ዘንድ፣ በታሸገ ፖስታ ተቆልፎበታል።

ቁጥር ሠላሳ አንድ ሕመምተኛ አስቸገረቻት።

መዝገቡ «ሴት፤ ኢትዮጵያዊት፤ ለሕክምና ያልተመለሰች» ይላል። ከእያንዳንዱ ሕመምተኛ ሥጋም ደምም ይወሰዳል፤ የሁለቱ ዲኤንኤ አንድ መሆን አለበት። የሠላሳ አንድ ሥጋ የአንዲት ሴት ነው። ደሙ የሌላ።

ዓርብን አል አዚዚያ ባለው ቤቷ ሆና ስታሰላ ዋለች። ሦስት ጊዜ ደገመችው፤ ሦስቴም ያው።

ቤቱ አቧራ ለብሷል። ዓርብ ዓርብ የምታጸዳላት ዘይነባ ከቀረች አምስት ወር ሆኗታል። አል ቱማማ ካለው የማዳሟ ቤት ጠፍታ፣ አል አስማኽ ውስጥ ከስምንት ሴቶች ጋር አንድ ክፍል የምትጋራ፣ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ የሌላት ልጅ ናት። ፍሬሕይወት አልጨከነችባትም። አሮጌ ጫማ ሰጥታታለች፣ ሆዷን ሲቆርጣት ሆስፒታል እንድትታይበት የራሷን የሕክምና ካርድ አውሳታለች፣ ለበዓል ሥጋ ቋጥራላታለች። ልጅቷም «አላህ ይስጥልኝ እትዬ» ትል ነበር። አንድ ቀን ግን ሳትሰናበት ቀረች።

«ውለታ ቢስ» አለች ፍሬሕይወት፣ ጠረጴዛውን በእጅጌዋ እየጠረገች።

እሑድ ጠዋት ሽመልስን አስጠራችው። ናሙናዎቹን ተቀብሎ ቁጥር የሚለጥፈው ቴክኒሻን እሱ ነው። ሚስቱና ሁለት ልጆቹ ዶሃ የሚኖሩት በእሱ ኢቃማ ነው።

«ቱቦ ቀያይረሃል» አለችው።

«ዶክተር፣ በልጆቼ ይሁንብኝ! ሥጋውም ደሙም የመጡት በአንድ ሰው ስም ነው።»

«ታዲያ አንዲት ሴት ሁለት ሰው ሆነች?»

«እሱን እንግዲህ ኮምፒውተርዎን ይጠይቁት» ብሎ ሊያስቃት ሞከረ።

አልሳቀችም። በዚህ መሃል ስልኳ ጮኸ።

«ማዳም፣ ከሆስፒታል ነው። ውጤትዎ ደርሷል፣ ቶሎ ቢመጡ…»

ሲደውሉላት ይህ አራተኛ ጊዜያቸው ነው። በግንቦቱ የሠራተኞች ምርመራ ደም ሰጥታ ነበር፤ የተረፈው ለምርምር ይዋል የሚል ወረቀት አቅርበውላት ሳታነብ ፈርማለች። ሴትዮዋ እስክትጨርስ አልጠበቀችም።

«ኮሌስትሮሌ ነው አይደል? ኸላስ፣ በቃ፣ አውቀዋለሁ» ብላ ዘጋችባት።

ሽመልስ አሁንም ቆሟል።

«ሪፖርቱን ዛሬ እልካለሁ» አለችው። «መሄድ ትችላለህ።»

የተቋሙ ኃላፊ ለማጣራት ጊዜ አላባከነም። በሦስት ሳምንት ውስጥ የሽመልስ ኢቃማ ተሰረዘ፣ ልጆቹ ከትምህርት ቤት ወጡ፣ የቤት ዕቃው ተሸጠ። ፍሬሕይወት ምንም አልተሰማትም። የሆነ ነገር ከተሰማት ቆይቷል።

በሚሄድበት ዕለት ጠይባ የታሸገውን ፖስታ በአንድ እጇ፣ ስልኳን በሌላ እጇ ይዛ ገባች። ሠላሳ አንድ ከጥናቱ ስትሰረዝ ስሟ ለሆስፒታሉ መገለጽ አለበት፤ ፖስታውን መክፈት ያለባት ደግሞ ስሕተቱን ያገኘችው ናት።

«ሽመልስ ነው» አለች ጠይባ ስልኩን በመዳፏ ሸፍና። «ከአውሮፕላን ማረፊያ። ያስቀየምኳት ነገር ካለ ይቅር ትበለኝ፣ እንዲህ ሆኜ አገሬ አልግባ ይላል። ምን አለበት ዶክተር፣ አንዲት ቃል እኮ ናት።»

ፍሬሕይወት ፖስታውን በመቀስ ቆረጠች። አንድ ወረቀት ወጣ፤ በላዩ ሁለት መስመር ብቻ።

*ፍሬሕይወት ዘካርያስ።*

*በስልኳ አራት ጊዜ ተደውሎላታል።*

ደሙ የራሷ፣ ሥጋው ካርዷን የተዋሰችው የዘይነባ ነበር፤ ሽመልስ አልተሳሳተም።

«ያላ፣ ቶሎ፣ ሊሳፈሩ ነው» አለች ጠይባ ስልኩን እየዘረጋችላት። «ምን ልበለው?»

«ማንንም ይቅር አልልም» አለች ፍሬሕይወት።