በቃኝ ያለው ሬት

ኑ እስቲ ልጆቼ፣ ጠጋ ብላችሁ ተቀመጡና ስሙኝ። ልጅ ለማሳደግ የሚፈልግ ሁሉ አስቀድሞ የቤት ውስጥ ተክል አሳድጎ ያሳይ የሚል ሕግ በወጣበት ዘመን፣ እትዬ ይታይሽ የሚባሉ አያት ደሴ ውስጥ ይኖሩ ነበር። የሟች ልጃቸውን ልጅ ምንታምርን ከሕፃናት ማቆያ ለማውጣት ሲጠይቁ፣ ሬት የተተከለበት ሸክላ ተሰጣቸው። ለጀማሪ የሚሆን፣ ረስተውት ቢከርሙ እንኳ የማይሞት ነው ተባሉ። ሸክላው ይናገራል፤ ጥቂት ሲያጠጡት "በቃኝ" ይላል።

እትዬ ይታይሽ ደግሞ በቃኝ የሚል እንግዳ አምነው አያውቁም። "ይሉኝታ ይዞህ ነው እንጂ! በሞቴ፣ ይቺን ብቻ!" እያሉ ደጋገሙለት። ሬቱ ከሥሩ በሰበሰ።

የማቆያው ተቆጣጣሪ ኢዮስያስ መጥቶ አየና፣ "እማማ፣ ልጅቷን አንሰጥዎትም። በቃኝ እያለ አጠጡት እኮ!" አላቸው።

የእትዬ ይታይሽ ደም ፈላ።

"አንተስ እናትህ ቤት ገና በቃኝ ስትል ነው ሳህኑ የሚነሳው?"

"እሱ ሌላ ነው፤ ሸክላው የልቡን ነው የሚናገረው።"

"ምንታምር ግን የልቧን አትናገርም! ዓይን አፋር ናት። እዚያ በቃኝ ስትል የሚለምናት አለ? ባለፈው ሳቅፋት አጥንቷ ወጋኝ እኮ! ለሬት አዝነህ ለሰው ልጅ አታዝንም?"

ኢዮስያስ ሸክላውን ታቅፎ ወጣ። እሳቸውም መቀነታቸውን አጥብቀው፣ ምሳ ቋጥረው ወደ ማቆያው ገሰገሱ።

"በሩን ባይከፍቱልኝ በአጥሩ ቀዳዳ አጎርሳታለሁ!"

አደራ ልጆቼ፣ ልጅ በቃኝ ሲላችሁ አንዴ ደግማችሁ ለምኑት። ይህችን አትርሱብኝ።