የደወሉ ተራ

ሰውየው የቀድሞ ባልደረባውን አንቆ ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው የአውሮፓ ካርታ ጋር አላተመው። የአውሮፓን ፖለቲካ ያጠና የነበረው የዩኒቨርሲቲ ቡድናቸው ከተበተነ ወዲህ ሲገናኙ ይህ የመጀመሪያቸው ነበር። «እህቴን ለፖሊስ የጠቆምካት አንተ ነህ ወይ?» አለው። የቡድኑ ተርጓሚ የነበረች እህቱ እስር ቤት ውስጥ ተደብድባ ነው የሞተችው። ባልደረባው ከተሰነጠቀ ከንፈሩ የሚወርደውን ደም እየዋጠ ተንፈራገጠ።

ይሄኔ የቡድኑ አለቃ የነበሩት ሽማግሌ የጠረጴዛውን ደወል ደወሉ። ቡድኑ ይሰበሰብበት በነበረው በዚያ ክፍል ደወል ሲመታ ንግግር የያዘ ይለቃል፣ ተራው የሌላው ይሆናል፤ ስለ ጥምር መንግሥታት ሲጨቃጨቁ የኖሩበት ሕግ ነው። የሰውየው እጅ ሳያስበው ተላቀቀ።

«እሺ ጋሼ፣» አለ እያለከለከ። «ተራው የእሱ ነው። ይናገር።»

ባልደረባው ኮሌታውን አስተካከለ። ድሮ ተራ የማይጠብቅ ለፍላፊ ስለነበር «ሬዲዮ» የሚል ስም ያወጣችለት ያቺው ተርጓሚ ነበረች። አፉን ከፈተ፤ መልሶ ገጠመው፤ ዓይኑን ወለሉ ላይ ተከለ።

«በል እንጂ ሬዲዮ፣» አሉት ሽማግሌው፣ ድምፃቸው እየለመነው። «አይደለሁም በል፣ ልጄ።»

ከአገጩ ደም ወለሉ ላይ ጠብ ሲል ተሰማ እንጂ ሌላ ድምፅ አልነበረም።

«እግዜር ይቅር ይበለኝ፣» አሉና ሽማግሌው ተራው ወደ ሰውየው እንዲመለስ ደወሉን ደገሙት።